ድሪቶ ያሉት ብርድ ልብስ

ድሪቶ አይደለም። ድሪቶ ማለት ያለቀ ልብስ ላይ ጨርቅ በጨርቅ ሲጣፍበት ነው። የእኔ ብርድ ልብስ ግን ከመጀመሪያው ታስቦበት፣ ተለክቶ የተሰፋ ነው። ይህን ለእህቴ አማት ማን ያስረዳልኝ?

እናታችን ልብስ ሰፊ ነበረች። ስትሞት የጨርቅ ቁርጥራጭ የሞላበት ማዳበሪያ ትታልን ሄደች። እህቴ ስታረግዝ ማዳበሪያውን ሹም አቦ ሰፈር ካለው ቤቴ ወለል ላይ ዘረገፍሁት። የዓመት በዓል ቀሚሴ፣ ዩኒፎርሜ፣ የእናቴ የራሷ አበባማ ቀሚስ፣ የሁሉም ቅሪት አለ። በካርቶን እየለካሁ እኩል እኩል ቆረጥኋቸው። ሁለት ሁለቱን ሰፍቼ፣ ጥንዱን ከጥንዱ አጋጥማለሁ፤ የአራቱ ጥግ መሀል ላይ ካልገጠመ ፈትቼ እንደገና እሰፋለሁ። ወገቤ ተቆረጠ። ልጁ አያቱን ባያያት እንኳ እጇ ያረፈበትን ጨርቅ ይልበስ ብዬ ነው።

እህቴ በሰላም ተገላገለች። ግሽ አባይ ሰፈር ካለው ቤቷ ድረስ ወስጄ ሕፃኑን በገዛ እጄ አለበስሁት። በማግስቱ ብመለስ ነብር የተሣለበት የሱቅ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልሎ ያልበዋል። የባሕር ዳር ሙቀት ሳያንሰው! የእኔን ፈልጌ ፈልጌ ፍራሽ ሥር አገኘሁት።

«እኔ ነኝ የደበቅሁት» አሉ አማቷ፣ የአራሷን ገንፎ እያገነፉ። «አራስ ጠያቂ ሲገባ የልጅ ልጄ ድሪቶ ለብሶ ይታይ? አጥተው ነው ይበሉን?»

ደሜ ፈላ። አራስ ቤት ገብታ ጮኸች እንዳልባል ድምፄን ዋጥሁ።

«እማማ፣ እርስዎ አያውቁም፤ አልፈርድብዎትም» አልኋቸውና ወደ እህቴ ዞርሁ። «አንቺስ? የእማ ጨርቅ መሆኑን እያወቅሽ አፍሽን ምን ያዘው?»

እህቴ ሕፃኑን እያጠባች ቀና አለች።

«ለእኔ ብለው ነው የዋሹሽ። ደብቁልኝ ያልሁ እኔ ነኝ።»

አማቷ ወደ ገንፏቸው አቀረቀሩ።

«ልጅ ሳለን አንቺ ታላቅ ስለሆንሽ አዲሱን ትለብሻለሽ» አለችኝ እህቴ። «ሲጠብሽ ወደ እኔ ይመጣል። እማ በዚያ ቁርጥራጭ ክርኑን ጥፋ፣ ጉልበቱን ጥፋ ታለብሰኛለች። ትምህርት ቤት ድሪቶ እያሉ ነበር የሚጠሩኝ።»

እኔም እኮ እዚያው ነበር የተማርሁት። አንድም ቀን ሲጠሯት አልሰማሁም። ይኼ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ተቆጣኋት።

«ምን ብዬ? አንቺ አዲሱን ለብሰሽ ከፊት ከፊቴ ትሄጂ ነበር» አለችኝ።