ሰው የለመዱ ጦጣዎች

ኣስማ የምጽዋ ልጅ ናት። አባቷ ወደብ ላይ ጭነት ያወርድ ነበር። እሷ በአማርኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራ፣ እናቷ ስትሞት ደብተሩን ጥላ ማማሰያ ያዘች። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልረገጠችም። ባሏ ባድሩ ስልጤ ነው፣ መርካቶ ያደገ፣ የመርከብ ሞተር የሚፈታና የሚገጥም መካኒክ። የሷን ትግርኛ እሱ አይሰማ፣ የሱን ስልጥኛ እሷ አትሰማ፤ ትዳራቸውም ጠባቸውም በአማርኛ ነው።

ምጽዋን ጦርነት ሲበላት ባድሩ የሚሠራበትን መርከብ ሴራሊዮን ወደብ ላይ ጥሎ ወረደ። ኣስማ በፖርት ሱዳን በኩል ዞራ ስንት አገር አቆራርጣ ደረሰችበት። ፍሪታውን ሥራ አልነበረም። የጀልባ ሞተር የሚጠግን ሰው ይፈለጋል ሲባል ወደ አገሩ ውስጥ ገቡ፤ ያረፉትም ትልቅ ወንዝ መሀል፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን ከለበሰች ደሴት ዳር ነው።

ደሴቷ የመንግሥት አልነበረችም። ባለቤቶቿ በወንዙ ግራና ቀኝ የሚኖሩ መንደሮች ናቸው። ሽማግሎቹ ተሰብስበው፣ ብዙም ተጨቃጭቀው፣ ደሴቷ ላይ አደን ይቅር ብለው ተስማምተው ነበር። በምትኩ ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ቀዩን ጉሬዛ፣ ጢማሙን ጦጣ፣ ዕድል ከቀናውም ድንኩን ጉማሬ አይቶ ይከፍላል። ክፍያው ለትምህርት ቤት ጣሪያ፣ ለሴቶቹ ማኅበርና እንግዶቹን ለሚመሩት ሰዎች ይከፋፈላል። የሚመሩት የትናንት አዳኞች ናቸው። ጠመንጃቸውን ለመንደሩ ሹም አስረክበው፣ ድሮ ለመግደል የሄዱበትን መንገድ ለማሳየት ይሄዱበታል። የነሱ አለቃ ላንሳና የሚባል ረጅም ቀጭን ሰው ነበር። ባድሩ ጀልባውን ይጠግናል፣ ኣስማ ለእንግዶቹ ታበስላለች። ኑሮ ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደሱ ያለ ኑሮ አልገጠማትም።

በዚያ አገር ሰው ሁሉ የሚግባባበት ክሪዮ የሚባል ቋንቋ አለ። ከሩቅ ሲሰሙት እንግሊዝኛ ይመስላል፣ ጠጋ ብለው ሲያዳምጡት ሌላ ነው። በክሪዮ የዱር እንስሳ ሁሉ ቢፍ ነው። ዛፍ ላይ የተቀመጠውም ቢፍ፣ ድስት ውስጥ የሚንተከተከውም ቢፍ። ኣስማ መጀመሪያ ግራ ገብቷት፣ «እኛ አገር አውሬ ሌላ፣ ሥጋ ሌላ ነው» ብትለው ላንሳና ሳቀ።

«እኔም ለአንድ ነገር ሁለት ስም ምን ያደርጋል እል ነበር» አላት። «አሁን ግን ቢፍም ሁለት ሆኗል፤ የሚታይ ቢፍ አለ፣ የሚበላ ቢፍ አለ። ደሴቷ ላይ ያለው የሚታየው ነው።»

በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ጦርነት ገባና ሁሉም ተበተነ። ኣስማና ባድሩ ጊኒ ተሰደው መጠለያ ገቡ። ከዚያ ያወጣቻቸው ካረን የምትባል አሜሪካዊት፣ በሚኒሶታ የሴንት ፖል ሴት ናት። ካረን ደሴቷን ከጎበኙት አንዷ ነበረች፤ ከኣስማ እጅ የበላች። አገሯ ተመልሳ ጫካውን አብረዋት ካዩት ሰዎች ጋር የደሴቷን እንስሳት የሚያስጠብቅ ማኅበር አቋቁማ ነበር። በቤተ ክርስቲያኗ በኩል ስፖንሰር ሆና አስመጣቻቸውና ዌስት ሴንት ፖል ከሮበርት ስትሪት ጀርባ አፓርትመንት ተከራየችላቸው። ባድሩ ጋራዥ ገባ። ኣስማ ብሉሚንግተን፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል ሎንድሪ ገብታ አንሶላ ታጥፋለች። የበረዶው ወራት ሲሆን መስኮት ከሌለው ክፍል ወጥታ፣ ጨለማ ውስጥ አውቶቡስ ጠብቃ፣ ጨለማ ውስጥ ቤቷ ትደርሳለች። አላማረረችም። ማማረር ሰሚ ላለው ነው።

በፈረንጆቹ ዘጠና ሰባት መባቻ፣ በረዶው ሳይቀልጥ፣ ሴራሊዮን ሰላም ወረደ ተባለ። ሰው ወደየመንደሩ ተመለሰ፣ ላንሳናም ተመለሰ። የካረን ማኅበር ይህን ሲሰማ ለውሳኔ ተቀመጠ። የተቀመጠበት ጉዳይ አንድ ነው፤ መንደሮቹን እስከ መኸር የሚያደርስ ሩዝና የሚዘራ ዘር፣ ለደሴቷ ጠባቂዎች ደመወዝ ተብሎ ይላክ ወይስ አይላክ። ዘራቸውን በልተው ጨርሰዋል። ያ ሩዝ ካልሄደ መጪው ዝናብ ባዶ መሬት ላይ ነው የሚዘንበው። ኣስማ ይህን ታውቃለች፣ ባድሩም ያውቃል።

አንድ ቅዳሜ ላንሳና ቦ ወደምትባል ከተማ ወጥቶ ከስልክ ቤት እንዲደውል ቀጠሮ ተያዘ። ማኅበርተኞቹ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። ኣስማ ልታስተረጉም መጣች፣ ባድሩ ድራይቭ አድርጎ አምጥቷት አጠገቧ ተቀመጠ። ካረን የስልኩ ድምፅ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ መሀል ላይ አኖረችው።

«ኣስማ፣ አንቺ ነሽ?» አለ ላንሳና በክሪዮ። «ብርዱ አልበላሽም?»

«አጥንቴን ትቶልኛል።»

«ባድሩስ?»

«እሱማ የኔንም ደርቦ ወፍሯል።»

ላንሳና ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ቆየ። ካረን ጠጋ ብላ፣ «እንስሳቱ እንዴት እንደሆኑ ጠይቂልኝ» አለች። ኣስማ ጠየቀችው። 

«ኦል ዲ ቢፍ ዶን ዶን» አለ። «ና ዊ ኢት አም።»

ቢፉ ሁሉ አልቋል፣ የበላነውም እኛ ነን ማለቱ ነው። ኣስማ አፏን ሳትከፍት ጠረጴዛውን የከበቡት ራሳቸውን ነቀነቁ። ቢፍ በእንግሊዝኛ የከብት ሥጋ ነው። አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ «ምስኪኖች፣ የነበረቻቸውን ሥጋ በልተው ጨርሰዋል» አሉ። ከማዶ የተቀመጠች ሴት ደግሞ፣ «የታሸገ ሥጋ እንጨምርላቸዋለን፤ በሚኒሶታ ሥጋ ተቸግሮ የሚያውቅ የለም» አለች። ካረን ወደ ኣስማ ዞራ ፈገግ አለች። «ይህን እንኳ ያላስተርጓሚ ሰማነው» አለቻት። ካረን ደሴቷ ላይ ሳለች እነ ላንሳና የሚያናግሯት ለፍተው ባጠኑት ጥቂት እንግሊዝኛ ነበር። ክሪዮው የእርስ በርሳቸው ነው።

ኣስማ ከንፈሯን ስታላቅቅ ባድሩ ጉልበቷን ያዘው።

«ዝም በይ» አላት በአማርኛ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። «ገባን ካሉ ገብቷቸዋል።»

«ባድሩ፣ እኔ እኮ…»

«ሩዙ ይሂድ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላህ ያውቃል።»

 ካረን ስለ ታሸገው ሥጋ መጻፍ ጀመረች።

«ምን አሉ?» አለ ላንሳና።

«የታሸገ ሥጋ እንልካለን አሉ።»

«የከብት መሰላቸው?»

«አዎ።»

«አንቺስ ዝም አልሽ?»

ኣስማ ባድሩን አየችው።

«ስሚኝ ኣስማ» አለ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። «ካረን ሩዙን ትልካለች፣ የእንግዳ ጎጆውን ታሠራለች፣ ከዚያ ሰው ይዛ ትመጣለች። እነዚያን ሰዎች በባዶ ዛፍ ሥር ወደላይ እዩ እያልኩ የምዞረው እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም። ያልኩትን ንገሪያት።»

ባድሩ እጁን ከጉልበቷ ላይ አነሳ። ኣስማ ነገረቻቸው። ቢፍ ማለት የደሴቷ እንስሳ ነው፣ ጦጣው ነው፣ ጉሬዛው ነው፤ እሱ ነው ያለቀው አለች። ካረን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ማን ነው የበላቸው?»

ጥያቄው አጭር ስለነበር ላንሳና ራሱ ገባው። «መጀመሪያ ሸማቂዎቹ፣ ቀጥሎ ወታደሮቹ» አለ። «የተረፉትን እኛ። የልጆቹ እግር አብጦ፣ ፀጉራቸው ቀልቶ ነበር። ለማደን አላስቸገሩንም። እናንተ ቀረብ ብላችሁ እንድታዩዋቸው እኔው ነኝ ያስለመድኳቸው፤ ጠዋት ጠዋት ከዛፋቸው ሥር ጸጥ ብዬ እየተቀመጥኩ፣ ሰው ሲያዩ መሸሽ እስኪተዉ። ጠመንጃ ይዤ ስመጣም እንግዳ ያመጣሁ ነው የመሰላቸው። ወደታች ወረዱ።»

ኣስማ ይህን በእንግሊዝኛ ስታወጣው «ወረዱ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አለችው። ጡረተኛው አስተማሪ መነጽራቸውን አወለቁ። የታሸገ ሥጋውን ያነሳችው ሴት እያለቀሰች ወደ ውጭ ወጣች። ካረን ላንሳናን አመስግና፣ መልሱን በኣስማ በኩል ታገኛለህ፣ ከወር በኋላ ቅዳሜ ለሷ ደውልላት አለችው።

ባድሩ ቤት በር ላይ መኪናውን አቆመ። ሞተሩን ካጠፋ በኋላ፣ «አሁን ደስ አለሽ?» አላት።

ሰኞ ሎንድሪ ውስጥ ለኢብሲቱ ነገረቻት። ኢብሲቱ የነቀምት ሴት ናት፣ ምላሰኛ፣ የትልልቁን አንሶላ ሌላ ጫፍ የምትይዝላት። ታሪኩን ሰምታ ጨረሰችና አንሶላውን አራገፈችው።

«እሺ፣ አንቺ እውነትሽን ታቅፈሽ ጀነት ግቢ» አለቻት። «ሰውዬው ግን ምን ይብላ?»

«ተናገሪ ያለኝ እሱ ነው።»

«የራበው ሰው ያለውን ሁሉ ይሰማሉ እንዴ፣ ኣስማዬ? እኔ የራበኝ ቀን ሱፐርቫይዘሯን ላግባሽ ብያታለሁ።»

ኣስማ ሳትወድ ሳቀች። ኢብሲቱ ግን አልሳቀችም፤ ጫፉን አቀበለቻትና፣ «ይልካሉ፣ አይዞሽ» አለች። «ስለ ጦጣ ያለቀሰ ሰው ለሰው አይጨክንም።»

ኣስማም ይህን ይዛ ሰነበተች። ስታጥፍም፣ አውቶቡስ ስትጠብቅም፣ ካረን ሰው ናት፣ እኛን ያወጣች ናት፣ እያለች ለራሷ ትናገራለች። ባድሩ ግን ለደሴቷ ጀልባ ብሎ ከጋራዥ እየሰበሰበ አልጋ ሥር ያስቀምጥ የነበረውን የሞተር መለዋወጫ አውጥቶ ጣለ። 

ካረን መጣች። ኬክ ይዛ ነው የመጣችው። ካፖርቷን ሳታወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ዓይኗ አብጧል።

«ብዙ ተነጋገርን» አለች። «ጋና ውስጥ አንድ ጫካ አለ። እዚያም መንደሮቹ ራሳቸው ናቸው የሚጠብቁት፣ እንስሳቱም አሉ። ወደዚያ እንዲሄድ ተወሰነ።»

«የእነ ላንሳናስ?»

«ሰዎች የሰጡን ለእንስሳቱ ነው፣ ኣስማ። ለጠባቂ ደመወዝ ብለን ሰብስበን፣ የሚጠበቅ ሳይኖር እንዴት እንልካለን? አታላዮች እንባላለን።»

«ሰው አለ እኮ» አለች ኣስማ። «ልጆች አሉ።»

«አውቃለሁ። ለሰው የሚሰጡ ሌሎች ድርጅቶች አሉ። አድራሻቸውን አመጣልሻለሁ።» ካረን እጇን ያዘቻት። «እውነቱን ስለነገርሽን አመሰግናለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር።»

ውሸት አልነበረባትም። ኣስማን የከበዳትም እሱ ነው፤ ክፉ ሰው ብትሆን መራገም ይቻል ነበር። ሻይ አቀረበችላት፤ ካረን ጠጥታ፣ አቅፋት ሄደች። አድራሻዎቹንም እንደ ቃሏ አመጣች። ኣስማ ስልክ ደወለች፤ አንዱ መንደሩ በእቅዳችን ውስጥ የለም አላት፣ አንዱ በሚቀጥለው ዓመት ሞክሪ አላት። እሷና ባድሩ ከደመወዛቸው የቻሉትን ላኩ፣ ለአንድ ቤት እንጂ ለመንደር የሚበቃ አልነበረም።

ላንሳና እንደተባለው ቅዳሜ ደወለ። ከጀርባው የስልክ ቤቱ ጫጫታ ይሰማል፣ ተራው እንዳያልፍበት ይቸኩላል።

«መቼ ይልካሉ?» አለ። «ሰዎቹ መሬት እየመነጠሩ ነው። ዘሩ መቼ ይደርሳል ብለው ላኩኝ።»

«አይልኩም።»

«ምን አልሽ?»

«አይልኩም፣ ላንሳና። እንስሳቱ ካለቁ የሚጠበቅ የለም አሉ። ሌላ ጫካ፣ ጋና፣ ለዚያ ሰጡት።»

 ከጀርባው አንድ ሰው በአካባቢው በሜንዴ ቋንቋ ቶሎ በል ይለዋል።

«ሰው አለ አላልሻቸውም?»

«ብያለሁ።»

«እሺ» አለ። «አንቺ ደህና አድርገሻል። እኔ ነኝ ንገሪ ያልኩሽ። ይህን ለመንደሩ የምነግረውም እኔው ነኝ።»

«ምን ትላቸዋለህ?»

«አላውቅም። እስክደርስ መንገዱ ረጅም ነው፣ አስብበታለሁ።» እንደገና አሳለው። «ባድሩን አቅርቢልኝ እስቲ። ድምፁን ልስማ።»

ኣስማ ስልኩን ወደ ባድሩ ዘረጋች። ባድሩ በሩ ላይ ቆሞ፣ የጋራዥ ልብሱን እንደለበሰ፣ ሁሉንም ሲሰማ ነበር። ስልኩን አየው፣ እሷን አየ፣ ራሱን ነቀነቀና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ሥራ ላይ ነው» አለችው ኣስማ።

«ይሁን» አለ ላንሳና። «ሰላም በይልኝ።»

በዚያው ዓመት ግንቦት ወታደሮቹ ፍሪታውን ላይ መንግሥት ገለበጡ፤ ጦርነቱ ተመልሶ መጣ፣ የቦ ስልክም ተቋረጠ። ላንሳና ግን ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ፣ ስልኩ ሳይቋረጥም፣ አልደወለም።