ጋሼ በቀለ የተሳለሙት ሕንፃ

ከጀርመን ምዕራባዊ ክፍል ተነሥቼ ሎስ አንጀለስ የሄድኩት ሄልጋን ይዤ ልመለስ ነበር። የምኖርባት መንደር ለድንጋይ ከሰል ልትቆፈር ነው፤ ጎረቤቶቼ «አንቺ ታውቂያታለሽ፤ መጥታ ትሟገትልን» ብለው ላኩኝ። ሄልጋ የኑክሌር ዝቃጭ የጫነ ባቡር ለማስቆም ራሷን ከሐዲድ ጋር በሰንሰለት ያሰረች፣ ፓርላማ በብስክሌት የምትገባ፣ በኋላም የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር የሆነች ፖለቲከኛ ናት። የምርጫ ፖስተሯን በዚያ ብርድ ስለጥፍ የከረምኩት እኔ ነኝ። ሥልጣን ስትለቅ አሜሪካ ገባች፤ ምን እንደምትሠራ ግን አልጠየቅኩም።

ዓርብ ቀትር፣ ፌርፋክስ

ሄልጋን ወደ ቀጠርኩበት የሐበሻ ምግብ ቤት የእናቴ ወንድም ጋሼ በቀለ በታክሲያቸው ወሰዱኝ። መቆሚያ ፍለጋ ሰፈሩን ስንዞር «እዚህ ፓርክ ከማድረግ ግመል በመርፌ ቀዳዳ ብታልፍ ይቀላል» አሉኝ። ሄልጋ ቤት የሚያክል መኪና እየነዳች መጣች። «ብስክሌቱስ?» ብዬ ቀለድኩ። ሳቀች። በአሥራ አምስት ዶላር የጾም በያይነቱ ቀረበልን፤ ሽሮውን በደንብ በላችው። የመንደሬን ነገር ሳነሣ ግን «በኋላ እናወራለን» አለች። ጋሼ በቀለ ከተማውን ላሳያችሁ ብለው በታክሲያቸው ይዘውን ወጡ።

ፒኮ ጎዳና

ፒኮ ሮበርትሰን የሚባለው ሰፈር ስንደርስ ጋሼ ራዲዮኑን ቀነሱ፤ ኮፍያቸውን አውልቀው መስኮት ለሌለው ረጅም ሕንፃ አማተቡ።

«የማን ቤተ ክርስቲያን ነው?» አልኳቸው።

«የማንም ይሁን፣ የጸሎት ቤት ነው። ታክሲ ድራይቭ ማድረግ ከጀመርኩ ሳልሳለመው አልፌ አላውቅም።»

ለሄልጋ ስተረጉምላት በሳቅ ፈነዳች። «ይሄ እኮ የነዳጅ ጉድጓድ ነው! ማሽኑ ውስጥ ነው፤ ጎረቤት እንዳይከፋው ነው እንዲህ የሸፈኑት።»

ክው አልኩ። «እንዴት አወቅሽ?»

«ሥራዬ ነዋ። የነዳጅና የከሰል ድርጅቶችን አማክራለሁ። ስለ መንደራችሁም እውነቱን ልንገርሽ፤ ካሳውን ተቀበሉና ልቀቁ።»

ሚኒስትሯ፣ ባለ ሰንሰለቷ፣ የኔዋ ሄልጋ! እንባዬ መጣ። ጋሼ በቀለ «ምን አለች?» ሲሉኝ የሕንፃውንም የሷንም ነገርኳቸው። መኪናውን ጥግ አስይዘው አቆሙ።

«ሶ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የተሳለምኩት ጉድጓድ ነው?» አሉ። ኮፍያቸውን መልሰው ደፉ። «ኦኬ። እኔ የጸለይኩት ለጉድጓዱ አይደለም። ሰሚው ሰምቶኛል።»

መንደሬ

ብቻዬን ተመለስኩ። በአውሮፕላኑ ውስጥ የጋሼ በቀለ ነገር ከጆሮዬ አልወጣም፤ እኔም ፖስተር ስለጥፍ የቆምኩት ለዛፉና ለውሃው እንጂ ለሷ መልክ አልነበረም። የመንደሩ አዳራሽ በሰው ሞልቶ፣ ሄልጋን ሲጠብቅ ደረስኩ። ለሷ ከተዘጋጀው ማይክሮፎን ፊት ቆምኩ።

«ሄልጋ አትመጣም» አልኩ። «እኛ ግን አለን።»