ድንቼ እና ሁለቱ ሚዛኖች

ሲስተር በር ከማንኳኳቷ በፊት የልብስ ማስጫውን ገመድ ታያለች። አራስ ያለበት ቤት ገመዱ ብዙ ያወራል። የሽንት ጨርቁ ተደርድሮ ከተሰጣ ሕፃኑ እየጠባ ነው ማለት ነው። ገመዱ ባዶውን ሲወዛወዝ ካየች ግን እርምጃዋን ታፈጥናለች። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ፣ ውሻ ሲያባርራትና ዝናብ ሲወርድባት ያወቀችው ነው።

ሥራዋ ልጅ የወለዱ ሰዎች ቤት ድረስ ሄዶ ሕፃኑን መመዘን፣ እናቲቱን ማየት፣ የጨነቃቸውን መስማት ነው። በነጻ። ችግሩም ያለው እዚሁ «በነጻ» የሚለው ቃል ላይ ነው። ሰው ነጻ ነገር ሲባል ወዲያው ኪሱን ይጨብጣል። አንድ አያትማ ሳሙና የምትሸጥ መስሏቸው «እኛ ሳሙና አለን!» ብለው በሩን ፊቷ ላይ ጠረቀሙባት። እሷ ደግሞ የዋዛ አይደለችም፣ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ሕፃኑ ሲያለቅስ፣ ሲያለቅስ ቆይቶ አያትየው ራሳቸው ከፈቱና «ነይ እስቲ ግቢ» አሏት።

የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድም ነርስ ነበረች። ግን በሦስተኛው ቀን ጡቷ ድንጋይ ሆኖ፣ ልጁ ሲጮህ እሷም አብራው ስትጮህ፣ ለሌላው ስታስተምር የኖረችው ሁሉ ከራሷ ላይ ብን ብሎ ጠፋ። በሯን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። ያን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳችውም፤ ለዚህ ነው ዝናብ የማይመልሳት።

ቦርሳዋ ውስጥ ሙቀት መለኪያ፣ ሜትር፣ ማንጠልጠያ ሚዛንና አንድ ኪሎ ጨው አለ። ጨው ነው ያልኩት፣ አልተሳሳትኩም። ፓኬቱ እንደታሸገ ነው፤ እንዳይቀደድም ዙሪያውን በፕላስተር ጠቅልላዋለች። ጠዋት ጠዋት ሚዛኗ ላይ ትሰቅለዋለች። ልክ አንድ ኪሎ ካለ ሚዛኑ ደህና ነው፣ ትወጣለች። ባልደረቦቿ «ወጥ ሳያይ ያረጀ ጨው» እያሉ ይስቁባታል። ይሳቁ።

አንድ ቀን የአንድ አትክልት ሻጭ ቤት ተራ ደረሰ። ሚስቱ ሦስት ኪሎ የምትመዝን ሴት ልጅ ከወለደች አሥረኛ ቀኗ ነበር። ሲስተር በሦስተኛው ቀን አይታታለች፤ ያኔ ትንሽ ቀንሳ ነበር፣ ያለ ነገር ነው። አሁን ግን ከሱቁ ጀርባ ያለው ገመድ ላይ ሁለት ጨርቅ ብቻ አየች።

አባትየው ከሽንኩርቱ ክምር ኋላ ብቅ አለ።

«ሲስተር! እንኳን መጡ! ድንቼ ሦስት ኪሎ ከመቶ ገባች!»

«ማን መዘናት?»

«እኔ ነኛ! ጠዋት ጠዋት፣ ሱቅ ሳልከፍት፣ የራሴ ሚዛን ላይ ፎጣ አንጥፌ።» ደረቱን ነፍቶ ነው የሚያወራው። ልጁን «ድንቼ» ነው የሚላት፤ እስከ ጎረቤት ድረስ የድንቼን ኪሎ ያልሰማ የለም።

ውስጥ እናትየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ሕፃኗ አጠገቧ ድርግም ብላ ተኝታለች።

«በጣም ጨዋ ናት፣ ሲስተር። አታስቸግርም። ላጥባት ብዬ ልቀስቅሳት ስል እሱ ‹ተያት፣ እየወፈረች ነው› ይለኛል።»

ሲስተር የልጅቷን ልብስ አውልቃ ሚዛኗ ላይ ሰቀለቻት። ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ ሃምሳ። አውርዳ ደግማ ሰቀለቻት፤ ያው ነው።

«ይህቺ ልጅ ጨዋ ሆና አይደለም፣ ደክሟት ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሕፃን ሲደክመው መጥባት ያቅተዋል፤ ካልጠባ ደግሞ የባሰ ይደክማል። ከአሁን ጀምሮ በየሁለት ሰዓቱ እየተቀሰቀሰች ትጠባለች። በሁለት ቀን ካልጨመረች ሆስፒታል ትተኛለች።»

አባትየው ዘሎ ተነሳ። «ሚዛንዎ ተበላሽቷል! ሦስት ኪሎ ከመቶ! በዓይኔ ያየሁትን! በተበላሸ ሚዛን ልጄን ሆስፒታል አላስገባም።»

እናትየው አንዴ እሱን አንዴ ሲስተርን ታያለች። ማንን ትመን?

«ወንድሜ፣ ሚዛኔ ተበላሽቶ ቢሆን ደስ ባለኝ» አለች ሲስተር። ጨውን አወጣችና ሰቀለችው። ልክ አንድ ኪሎ። «በል፣ አሁን ያንተን አምጣው።»

ሰውየው ካለበት ንቅንቅ አላለም። ሚዛኑን የገዛው ሱቁን ከለቀቀው ሰው ነው፤ ያ ሰው ሲሸጥለት በዓይኑ ጠቀስ አድርጎት «ለባለቤቱ ያደላል» ብሎት ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲመዝንበት ይህን ነገር አንድም ቀን አልረሳውም። ልጁን ሲያስቀምጥበት ግን ጭራሽ ትዝ አላለውም። ደስታ ያሳውራል መሰለኝ።

«አምጣው እንጂ» አለች ሚስቱ።

አመጣው። ጨው ሲቀመጥበት መርፌው አንድ ኪሎን አልፎ፣ መቶ ግራምንም አልፎ ቆመ።

ሚስትየው መርፌውን አየች፤ ከዚያ ባሏን አየች። «ለሰው ሁሉ እንዲህ ነው የምትመዝነው?»

አንገቱን ደፋ።

«ከዛሬ በኋላ ልጄን እዚህ ነገር ላይ እንዳታስቀምጣት።»

«ጠቡ ይደርሳል» አለች ሲስተር ጣልቃ ገብታ። «መጀመሪያ ልጅቷ ትጥባ።»

እግሯን በእርጥብ ጨርቅ አሻሹላት። ድንቼ ተነጫነጨች። ሲስተር የእናትየውን ክንድ በትራስ ደገፈችና የልጅቷን አፍ በደንብ አስከፍታ አስያዘቻት። አንዴ ለቀቀች፣ ሁለቴ ለቀቀች። በሦስተኛው ወተቱን ስትውጥ የጉሮሮዋን ድምፅ ሦስቱም ሰሙት።

አባትየው ካርቶን ቀዶ ሰዓቶቹን ጻፈበት፤ ስትጠባ ጭረት፣ ስትሸና ክብ። ሥራ የተሰጠው ሰው ምስኪን፣ ሱቁን እየዘጋ «ሰዓቱ ደረሰ!» ሲል ደንበኛ ያባርር ጀመር። በማግስቱ ሲስተር ስትመጣ ገመዱ ላይ አምስት ጨርቅ ነበር። በሁለተኛው ቀን ልጅቷን ስትሰቅል እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆመ።

«ስንት ነው?» አለ ሳይዞር።

«ሰማንያ ግራም ጨምራለች።»

ድንች የያዘው ጆንያ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና እንደ ልጅ አለቀሰ። እናትየውም አለቀሰች፤ ግን አላቀፈችውም። የሚዛኑ ነገር ገና አልወጣላትም ነበር።

ስድስት ሳምንት ሲሞላ የመጨረሻው ጉብኝት ሆነ። ገመዱ ሞልቶ ሲስተር ጎንበስ ብላ ነው ያለፈችው። ሱቁ ውስጥ አንዲት ደንበኛ ፌስታላቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ቆመዋል።

«ምን ነክቶሃል አንተ? ኪሎህ ከበደ እኮ።»

«ሚዛኑን አሠራሁት እትዬ» አለ ቀና ሳይል። ባንኮኒው ላይ፣ ከሚዛኑ ጎን፣ በፕላስተር የተጠቀለለ አንድ ፓኬት ጨው ተቀምጧል።

ሲስተር ጨውንም አየች፣ እሱንም አየችው። ውስጥ ገብታ ድንቼን ሰቀለቻት። አራት ኪሎ ከሁለት መቶ። ድንቼም በቁጣ ጮኸች፤ የጤና ጩኸት ነው፣ ጎረቤት ይስማ።

እናትየው ልጇን ጨርቅ ጠቅልላ ተቀበለቻት። ከዚያ ሲስተር ያልጠበቀችውን አደረገች፤ ተነስታ ወደ ሱቁ ወጣች። ጨውን አንስታ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠች። መርፌው አንድ ኪሎ ላይ ቀጥ አለ። ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። ባሏ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ቆሟል።

ጨውን አነሳችና ልጅቷን ዘረጋችለት።

«በል፣ ፎጣህን አንጥፍ» አለችው። «አንተ መዝናት።»