የወጌሻዋ ውኃ

መሐል ሜዳ ከተማ አስተማሪ ሳለሁ ነው። ወገቤ ተይዞ ወጌሻዋ እትዬ አስካለ ዘንድ ሄድኩ። በቅቤ ጥሩ አድርገው አሹኝና አንድ ጆግ ውኃ አቀረቡልኝ።

«የታሸ ገላ ውኃ ይጠማዋል፤ ጠጣ ልጄ።»

ጨለጥኩት። ደገሙኝ፤ እሱንም እንደምንም ጨረስኩና ቀጥታ ወደ ደብረ ብርሃን አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ገና ከከተማው እንደራቅን ፊኛዬ ሊፈነዳ ደረሰ።

«ሾፌር፣ በእመቤቴ፣ አንድ ጊዜ አቁምልኝ!»

«ሞላሌ እስክንደርስ ቻለው!» ብሎ ተቆጣኝ።

ተሳፋሪው ሳቀብኝ። አውቶቡሱ በየጉድጓዱ በነጠረ ቁጥር ጥርሴን እየነከስኩ የማውቀውን ታቦት ሁሉ ጠራሁ። ድንገት ሜዳ ላይ ፍሬን ያዘ።

«እግዜር ይስጥህ!» ብዬ ወደ በሩ ስሮጥ ሾፌሩ ቀድሞኝ ዘሎ ወርዷል። አንድ ቋጥኝ ተከልለን ጎን ለጎን እንደቆምን ዞር ብሎ አየኝና፣

«እትዬ አስካለ አንተንም አሽተውሃል እንዴ?» አለኝ።