አስማተኛዋና ፈዋሹ በአንድ ወረቀት

ነገሌ ውስጥ ሻሽና ሽርጥ የሚሸጥ ሱቅ ሞልቷል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጭራቅ የሚገደልበት ግን የሀጂራ ሱቅ ብቻ ነው።

ጨዋታው እንዲህ ነው፤ አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ ወረቀት ላይ የፈጠሩትን ሰው ሆነው ይናገራሉ፣ ይሳካላቸው እንደሆነ የሚጣለው ባለ ቁጥር ዳይስ ይወስናል። መሪው መምህር ደቻሳ ነው። ሀጂራ ድግምት ከመጽሐፍ የምታጠና አስማተኛ ነበረች፤ ባሏ ፋዲል ቁስለኛ የሚያነሣ ፈዋሽ፤ ጡረታ የወጡት የከባድ መኪና ሾፌር ኦቦ ሶራ ደግሞ ጦረኛ። ጎረቤቷ ዙለይካ አንድ ቀን በግድግዳው በኩል «ዛሬ የቀረኝ ሁለት ድግምት ነው» ስትል ሰምታት፣ ሳምንቱን ሙሉ ደጃፏን በሩቁ ዞራ አልፋለች። በኋላ መጥታ ስታይ ግን፣ «ሽማግሌ ሾፌር ጎራዴ አለኝ እያለ ይፎክራል፤ ይኼ ነው እንዴ የፈራሁት?» ብላ ሄደች።

ተጫዋች እየበረታ ሲሄድ ደረጃ ይጨመርለታል፤ መጨረሻው ሃያ ነው። ሃያውንም ለአንድ ሙያ ያዋለ አስማተኛ፣ የተመኘውን በቃሉ ብቻ የሚያመጣበት ታላቁ ድግምት ይሰጠዋል። ሀጂራ መጫወት በጀመረች በስድስተኛው ዓመት ሃያኛውን አገኘች። ወረቀቷ ላይ ሳትጽፈው ግን፣ በዚያው ሳምንት ፋዲል ከወደራ ሲመለስ መኪናው ተገልብጦ ሞተ።

አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳዋን፣ ባል የሞተባት የምትጠብቀውን ጊዜ፣ ቤት ተቀምጣ፣ ስትጨርስ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ቅዳሜን መልሶ መጥራት ነበር።

ሌላ ቦታ የጨዋታውን ተራ ዳይስ ያወጣዋል አሉ። እዚህ የሚጠሩት ኦቦ ሶራ ናቸው። የቦረናው ዱብሉቅ ሰው ናቸውና ከብት ከሚጠጣበት ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ፣ ከኤላው፣ የለመዱትን ሥርዓት አምጥተውታል፤ ተራ አይዘለልም። ያን ቀንም እንደ ልማዳቸው «ሀጂራ፣ ፋዲል» ብለው ጠሩና ደነገጡ።

«አፉ በይኝ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፤ ለምዶብኝ ነው።»

«ወረቀቱን እናንሣው?» አለ ደቻሳ ቀስ ብሎ።

ሀጂራ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ኦቦ ሶራ፣ እናንተ ጋ ኤላው ላይ ሰው ሲሞት ተራው ምን ይሆናል?»

«ምን ይሆናል? ከብቶቹ አይጠሙም እንዴ? ቤተሰቡ ነድቶ ያመጣና በተራው ያጠጣል።»

«እንግዲያው እኔ እይዘዋለሁ።»

ደቻሳ ግራ ገባው። «አንድ ሰው ሁለት ገጸ ባሕርይ አይዝም። አስማተኛዋ ፈዋሽነት ልትማር ትችላለች፤ ሁለቱ ሙያ ይደባለቃል። ግን ሀጂራ፣ የቀረሽ አንድ ደረጃ ብቻ ነው። ለዚህ ካዋልሽው ታላቁ ድግምት ለዘላለም ቀረ። ፈዋሽነትሽም የጀማሪ ነው፤ ከጭረት አያልፍም።»

ሀጂራ ይህን ታውቃለች። በዒዳዋ ወራት ታላቁን ድግምት ምን እንደምትጠይቅበት ስታስብ ከርማለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆኖ አገኘችው፤ እሱን ደግሞ ዳይስ አይሰጥም። አልዋሸችም፤ «ይቆጨኛል» አለች። ከዚያ እስክሪብቶ አንሥታ፣ ከአስማተኛነቷ ሥር «ፈዋሽ፣ አንድ» ብላ ጻፈች።

ውጊያው ተጀመረ። ደቻሳ ያመጣባቸው ዘንዶ የኦቦ ሶራን ጦረኛ መትቶ ጣለው። ኦቦ ሶራ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጠሩ፤ «ሀጂራ፣ በፋዲል ተራ።»

ፋዲል ሲፈውስ ሁልጊዜ የወደቀውን ሰው ትከሻ በእውን ይነካ ነበር። ሀጂራም መዳፏን የሽማግሌው ትከሻ ላይ አድርጋ፣ «ተነሥ ወንድሜ፣ መንገዱ ገና ነው» አለች፤ የእሱን ቃል። ዳይሱን ጣለች። ሁለት።

«ሁለት ነጥብ» አለ ደቻሳ። «ይበቃል፤ ተነሥቷል።»

ሀጂራ እጇን ሳታነሣ ማልቀስ ጀመረች። ከቀብሩ ወዲህ ሰው ፊት አልቅሳ አታውቅም። ማንም አላባበላትም፣ ማንም አላቻኮላትም። እስክትጨርስ ድረስ ዘንዶው ቆሞ ጠበቃት።