ስልክህ የየት አገር ነው?

ቦሌ ካፌ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ስልኩን ጠረጴዛ ላይ የሚያኖርበትን መንገድ አይቶ ስለ ሰውየው ብዙ ማወቅ ይቻላል። የአሜሪካ ስልክ የያዘ ሰው ምልክቱ ወደ ሰማይ እንዲታይ በግንባሩ ይደፋዋል። የኮሪያ የያዘም እንደዚያው ያደርጋል፤ አጠገቡ የአሜሪካ የያዘ ሰው ከሌለ ማለት ነው። የቻይና የያዘ ግን ከኪሱ አያወጣውም። ቢጮህበት እንኳ ወንበሩን ገፍቶ፣ ጭንቅ ጉዳይ የገጠመው መስሎ፣ በረንዳ ላይ ወጥቶ ያነሳዋል። እኔ ከነዚህ በረንዳ ላይ ከሚወጡት አንዷ ነበርኩ፤ ያውም በገዛ እጄ የፈተሽኩትን ስልክ ይዤ።

ወደ ቦሌ ለሚ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ አንድ የስልክ መገጣጠሚያ ፋብሪካ ውስጥ ነበር የምሠራው። ዕቃው ከቻይና በካርቶን ይመጣል፤ ሴቶቹ በሰልፍ ተቀምጠው ይገጥሙታል፤ እኔ መጨረሻ ላይ ቆሜ እፈትሻለሁ። እደውላለሁ፣ አናውጣለሁ፣ ካሜራውን አያለሁ፣ ቻርጀር እሰካለሁ። ጀርባው ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ መገጣጠሙን የሚገልጽ ጽሑፍ አለው። ታዲያ ከዚያ ሁሉ ሴት መካከል ያንን ስልክ በኩራት ይዛ የምትታይ አንዲት አልነበረችም። ደመወዝ አጠራቅመው ሌላ ሰው የጠገበውን ያገለገለ የኮሪያ ስልክ ይገዙ ነበር። እኔ ደግሞ ከሁሉም ብሼ፣ ለራሴ ስልክ የኮሪያውን ካቨር ገዛሁለት። የካቨሩ ቀዳዳ ከካሜራው ጋር ስለማይገጥም ያነሳሁት ፎቶ ሁሉ ግማሹ ጥቁር ነበር። የእህቴን ትንሽ ልጅ ክርስትና በግማሽ ፊት ነው ያስቀረሁት።

አባቴ ከእኔ ጋር የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ይኖራል። ዕድሜውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማረ ጡረተኛ ነው። የያዛት ስልክ ክዳኗ አልገጥም ስላለ በላስቲክ የታሰረች፣ የፊንላንድ የምትባል ባለቁልፍ ስልክ ነበረች። እንግዳ በመጣ ቁጥር ላስቲኳን ፈትቶ፣ ባትሪዋን አውጥቶ፣ በማጉያ መነጽር ከሥር የተጻፈውን ያነብ ነበር።

«ፊንላንድ ትላላችሁ» ይላል። «እዚህ ግን ሃንጋሪ ነው የሚለው። የኮሪያው ቬትናም ይላል። የአሜሪካው ቻይና ይላል። ሰውየው እዚያ አገር አልተወለደ፣ ስልኩ እዚያ አገር አልተሠራ፤ በምኑ ነው የሚኮራው?»

ይህን ብዙ ጊዜ የሚናገረው የእህቴ ባል ባለበት ነበር። የእህቴ ባል ግን አይሰማም። የሴራሚክ ነጋዴ ነው። ሱቁ ውስጥ ያለው ሴራሚክ ሁሉ «የጣሊያን» ነው፤ ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ምንም ይበል ምን። ሰውን ደህና ነህ ከማለቱ በፊት «ምን ይዘሃል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። መልሱን ሰምቶ ሰውየውን የሚያስቀምጥበትን ወንበር ይመርጣል። እኔን «የፋብሪካዋ» ይለኛል፤ የእኔን ስልክ «ያ የእናንተ አሻንጉሊት»።

አንድ የፋሲካ ቀን ሰሚት እነሱ ቤት ተጠርተን ሄድን። ጓደኞቹ ሞልተዋል። ምሳ ተበልቶ እንዳበቃ ተነስቶ ቆመና ከአንድ ቦርሳ ውስጥ በላስቲክ የታሸገ ሳጥን አወጣ። አንዱ ጓደኛው ቪዲዮ መቅረጽ ጀመረ።

«አባባ» አለ፣ ለአባቴ ሳይሆን ለካሜራው ጎንበስ ብሎ። «ከእንግዲህ በዚያ በላስቲክ በታሰረ ስልክ አይደውሉም። ይኸው የኮሪያ! የመጨረሻው!»

ተጨበጨበ። አባቴ ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለና መረቀው። እህቴ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ፣ ሁሉም «ኧረ እግዜር ይስጥህ» እያለ፣ እኔ ጋ ደረሰ።

ገና እንደያዝኩት አወቅኩት። ጀርባው ላይ ሦስት ካሜራ አለ፤ ሁለቱ ግን ከመስታወቱ ሥር የተለጠፉ ክብ ወረቀቶች ናቸው። ጠርዙ እጅ ይቧጥጣል። ፌክ ነበር፤ ያውም ስንፍና ያለበት ፌክ። ቀና ብዬ የእህቴን ባል አየሁት። እሱም አየኝ። ከዚያ ምን አደረግኩ? «ያምራል» ብዬ ለሚቀጥለው ሰው አቀበልኩት። ማን ያምነኛል አልኩ። የበዓል ቀን አላበላሽም አልኩ። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ያ ሁሉ ባለ አሜሪካና ባለ ኮሪያ ሰው በተሰበሰበበት «ቀናች» እንዳልባል ፈርቼ ነው።

አባቴ ስልኩን ከልቡ ያዘው። ሲሞቅበት በመሐረብ ጠቅልሎ ጆሮው ላይ ያደርገዋል። ድምፁ ሲቆራረጥ «ኔትወርኩ ነው» ይላል። «ስጦታ ነው፤ ስጦታ አይታማም» ይል ነበር። የፊንላንዷን ስልክ ሲም ካርዷን አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጣት።

ወሩ ገና ሳያልቅ፣ አብሮት ለብዙ ዓመት ያስተማረ ጓደኛው አረፈ። የሂሳብ መምህር ነበር። በየሳምንቱ ቅዳሜ የሚደዋወሉ፣ የሚጨቃጨቁ፣ ስልክ ጆሮ ላይ የሚዘጋጉ ሰዎች ነበሩ። የሟቹ ልጅ አባቴ ጋ ጠዋት ሙሉ ስትደውል ነበር። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ አራቱንም የኔትወርክ መስመር ሞልቶ እያሳየ፣ አንዴም ሳይጮህ ዋለ። አባቴ ነገሩን የሰማው በማግስቱ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ «ቀብር ላይ ምነው ጠፉ?» ብሎ ከጠየቀው የድሮ ተማሪው ነው።

ለቅሶ ቤት አብሬው ሄድኩ። የሟቹ ልጅ ተነስታ ሳመችው፤ ግን «ስንት ጊዜ ደወልኩልዎ» ከማለት ሌላ ምንም አላለችውም። አባቴ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ሊያሳያት ከጀለና መልሶ ከተተው። አንድ አዛውንት ሰው ቀብር የቀረበትን ምክንያት ሲያስረዳ ስልክ ቢያወጣ ምን ያህል ርካሽ እንደሚመስል የገባው ይመስለኛል።

ቤት እንደገባን ስልኩን ተቀብዬ፣ ካቻቪቴ ይዤ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ፈታሁት። ባትሪው ማበጥ ጀምሯል። ከባትሪው አጠገብ በማስቲሽ የተለጠፈ ወፍራም ቁራጭ ብረት አለ። አባቴ መነጽሩን ይዞ ጎንበስ አለ።

«ይሄ ምን ይሠራል?»

«ምንም አይሠራም አባዬ። ክብደት እንዲኖረው ነው። ቀላል ከሆነ ሰው ይጠረጥራል።»

ብረቱን አንስቶ መዳፉ ላይ መዘነው።

«አውቀሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፋሲካ።»

ብረቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ታዲያ ያ ፋብሪካ ለምን ፈታሽ ብሎ ቀጠረሽ?» አለኝ። የእህቴን ባል ያን ያህል እየናቅኩት፣ ያን ቀን ከእሱ የምሻልበትን ነገር ፈልጌ አጣሁ።

በማግስቱ የስልኩን ብልቶች በፌስታል ቋጥሬ ሰሚት ሄድኩ። ሁለቱም ቤት ነበሩ። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩና የሆነውን ሁሉ፣ ቀብሩንም ጭምር፣ ነገርኳቸው።

«እኔም ተሸውጄ ነው!» አለ የእህቴ ባል ደረቱን እየመታ። «ሱቁን ዛሬውኑ አሳሽገዋለሁ!»

እህቴ የራሷን የአሜሪካ ስልክና የእሱን ስልክ አምጥታ ከፊቴ አስቀመጠች። «እነዚህንም እይልኝ» አለች።

አገላብጬ አየኋቸው፤ ከፍቼ ዘጋኋቸው። ሁለቱም እውነተኛ ነበሩ። እንከን የለባቸውም። ይህንኑ ነገርኳት።

እህቴ ወደ ባሏ ዞረች። «የእኛን ስትገዛ አልተሸወድክም።»

ያን ጊዜ ነው አፉ ያመለጠው። «አንቺ ደግሞ! ትልቅ ሰው ናቸው፤ ለመደወል ብቻ ነው የሚፈልጉት። ምን ልዩነት ያመጣል?»

«መደወሉ ነው እኮ እምቢ ያለው» አልኩት።

እህቴ አልጮኸችም። የጆሮ ጌጧን አወለቀች፤ በጫፉ የስልኳን ጎን ወጋችና ሲም ካርዷን አወጣች። የአሜሪካውን ስልክ እጁ ላይ አስቀምጣ «እሺ፣ እኔም ለመደወል ብቻ ነው የምፈልገው» አለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትልቁ ልጇ የጣለውን ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ይዛ ነው የምትዞረው። ጓደኞቹ ባሉበት ሆን ብላ ታወጣዋለች። ያ ሰው ስልኩ በወጣ ቁጥር ሲቁነጠነጥ ማየት ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም።

ከሳምንት በኋላ ሌላ ሳጥን ይዞ አራት ፎቅ በእግሩ ወጥቶ እኛ ቤት መጣ። ይህኛው እውነተኛ ነበር። በዚህ ቀን ቪዲዮ የሚቀርጽ ጓደኛ አላስከተለም።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ።

አባቴ ሳጥኑን ተቀበለውና መልሶ ሰጠው። «የት አገር ነው?»

«የኮሪያ ነው አባባ። በእውነት።»

«አንብበው እስቲ።»

የእህቴ ባል ሳጥኑን ገለባበጠ። ጽሑፉን ለማግኘት ረጅም ጊዜ ፈጀበት። «ቬትናም» አለ በመጨረሻ፣ እንደገና የተሸወደ መስሎት ደንግጦ።

«አይዞህ፣ እውነተኛ ነው» አለው አባቴ። «ዋና ከተማዋ ማን ነው?»

አላወቀውም። አባቴ ነገረው፤ ስለ ወንዞቿና ስለ ሩዟም ነገረው፤ አስቀምጦ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ አስተማረው። ይቅርታውን ተቀብሎ፣ ሳጥኑን ግን አስይዞ ሸኘው።

እኔ ከፋብሪካችን አንድ ስልክ ገዛሁለት። እስከዚያ ቀን ድረስ ለአባቴ መስጠት አስቤው የማላውቀው ነገር ነው። ስልኩ ይደውላል፣ ሲደወልለትም ይጮኻል፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ ይጮኻል። ባለፈው ከየካ አባዶ ወደ መገናኛ በሚኒባስ ስንሄድ ደዋዩ የሚለውን ተሳፋሪው ሁሉ ሰማ። ከፊታችን የተቀመጠ፣ ሁለት ጆሮው ላይ ነጫጭ ማዳመጫ የሰካ ወጣት ዞር ብሎ «ፋዘር፣ የቻይና ነው እንዴ?» አለው እየሳቀ።

«ዕቃው የቻይና ነው» አለ አባቴ ጮክ ብሎ፣ እንደ ክፍል ውስጥ። «የገጠሙት እዚሁ ቦሌ ለሚ ነው። የፈተሸችው ይህች ናት፣ ልጄ።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩና «ቀስ በል አባዬ» አልኩት።