የእህቴ መጋረጃና ቅንድብ ያለው ቤት

እህቴ መጋረጃ ስትቀመቅም በቀኝ እጇ መርፌውን፣ በግራዋ የጨርቁን ጠርዝ፣ በከንፈሮቿ ደግሞ አምስት ስድስት ስፒል ትይዛለች። እኔ በቤታችን ሰላም የማገኘው ያኔ ነው፤ ስፒል የነከሰ አፍ አይናገርም። የዚያን ዕለት ግን ስፒሉን ሁሉ መዳፏ ላይ ተፋችና፣

«እትዬ፣ ሰውዬው ዛሬም እያየኝ ነው» አለችኝ።

ስለ ሰውዬው ከማውራቴ በፊት ስለ ቤቱ ልንገራችሁ፤ ጉዱ ሁሉ የመጣው ከቤቱ ነው።

ልጆቼ ጎጆ ከወጡ ወዲህ እኔና ታናሽ እህቴ አብረን ነው የምንኖረው። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ መጋረጃ ስትሰፋ ስለኖረች ሰፈሩ ስሟን ትቶ «መጋረጃ» ይላታል። አላገባችም። ስትጠየቅ «ጥሩ ጨርቅ እየጠበቅሁ ነው» ትል ነበር፤ ጨርቁ ሳይመጣ ጸጉሯ ሸበተ። ቤት ፍለጋ ስንዞር ያየነው አዲስ ሕንፃ ሁሉ ከላይ እስከ ታች መስታወት ሆነብን። «ይሄ ቤት ነው ወይስ ጥቁር መነጽር ያደረገ ጎረምሳ?» እያለች ደላላውን አሰለቸችው። በመጨረሻ አንድ ሕንፃ ፊት ስንደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ገና አሁን ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ ግን እንደ ድሮ ቤት ቀይ ጡብ ለብሷል። በየመስኮቱ አናት ላይ ጡቡ ቅስት ሠርቷል፣ በሩን ግራና ቀኝ ነጫጭ ዓምዶች ይዘውታል፣ ከጣሪያው ሥር እንደ ቀሚስ ጥልፍ ያለ ነገር ዞሮታል።

«ቅንድብ አለው!» አለች። «እትዬ እዪው፣ ቅንድብ ያለው ቤት!»

ዘበኛው ጠጋ ብሎ ጡቡን በጥፍሩ ቆርቆር አደረገው። «እማማ እንዳይሸወዱ፤ ይሄ እኮ እንደ ብስኩት የሳሳ ነው። ሲሚንቶው ላይ የተለጠፈ ነው።» ዓምዱንም ቢያንኳኳው እንደ ባዶ በርሜል ጮኸ።

«ታዲያ ምን አለበት?» አለችው እህቴ። «እኔስ ስሠራ የኖርኩት ምንድን ነው? የማያምር ግድግዳ ላይ የሚያምር ነገር መስቀል አይደለም?»

ሦስተኛ ፎቅ ገባን። ዕቃችንን አስገብተን አረፍ ስንል ነው ነገሩ የገባን። ጡቡ ውጭ ነው፤ እኛ ውስጥ ነን። በመስኮታችን የሚታየው ከመንገዱ ማዶ ያለው ሕንፃ ብቻ ነው፤ እሱም ዝናብ ያዥጎረጎረው ግራጫ። እህቴ ሆዬ ቤቷ ሲናፍቃት ደረጃውን ወርዳ፣ መንገዱን ተሻግራ፣ የቤቷን ፊት አይታ መመለስ ጀመረች። «የት ነበርሽ?» ስላት «ቤቴን አይቼ መጣሁ» ትላለች። ከቤቷ ተነሥታ!

በዚያ ግራጫ ሕንፃ፣ በእኛው ፎቅ ትክክል፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ይኖራል። ከሰዓት በኋላ ወንበሩን በረንዳ ላይ ያወጣና ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ዓይኑን ወደ እኛ ተክሎ ይቀመጣል። እህቴ መጀመሪያ «ዓይነ ደረቅ!» ብላ ተቆጣች። ቀጥሎ ጸጉሯን ተሠራች። ቀጥሎ የስፌት መኪናዋን ጎትታ መስኮቱ ሥር አቆመች። ሽንኩርት እንኳ ስትከትፍ እዚያው ሆነች።

«እትዬ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሰው ቢስቅብኝስ?»

«ማን ይስቅብሻል? እኔ እንደሆንኩ ስቄ ጨርሻለሁ።»

አፌ እንዲያ ይበል እንጂ ሆዴ ፈርቶላት ነበር። ይኸው ጨርቁ መጣ ብላ አምናለች፤ ሰውዬው ሌላ ነገር እያየ ከሆነስ?

አንድ ቀን ለሰው ስትሰፋ የኖረችውን ለራሷ ሰፋችና ሰቀለችው፤ አረንጓዴ መጋረጃ፣ በላዩ ጎመን የሚያህል ቢጫ አበባ ያለበት። በማግሥቱ ሾፌሩ በረንዳው ላይ ወጣ፣ አየ፣ ራሱን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ። ብዙም ሳይቆይ በራችን ተንኳኳ። እህቴ ስፒሎቹን ልትውጣቸው ምንም አልቀራት።

ሾፌሩ ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። «ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ። «ዕድሜዬን ሁሉ አስፋልት ሳይ ነው የኖርኩት። አሁን ቁጭ ብዬ የማየው አንድ ቆንጆ ነገር ቢኖረኝ ይሄ ጡብ ነው። እባካችሁ ያን አረንጓዴ ነገር አውርዱልኝ፤ የሕንፃውን ፊት አበላሸው።»

የእህቴ ፊት ደም መሰለ፤ ጡቡ ራሱ እንዲያ አይቀላም።

«ሲያዩ የነበሩት ጡቡን ነው?»

«ጡቡን ነዋ! ቅስቶቹን። በተለይ ያቺን ከግራ ሦስተኛዋን፣ ጠመም ያለችውን።»

«እኔንስ?»

ግራ ገባው። «እርስዎ የት ነበሩ?»

እኔ ጠጋ አልኳት። መቀሱ በእጇ ነው። እሷ ግን ሰውዬውን ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ «ጠመም ያለችዋ የቷ ናት?» አለችው። «እኔ ከመንገድ አይቼ አላውቃትም።»

«ከመንገድማ አትታይም። ከእኔ በረንዳ ነው።»

«ታዲያ ምን ያቆመናል?»

ተያይዘው ወረዱ። በመስኮት ስጠብቅ በረንዳው ላይ ብቅ አሉ። እሱ ይጠቁማል፣ እሷ አንገቷን ታሰግጋለች። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ፣ «እትዬ! አውርጂው! እውነትም አበላሽቶታል!» ብላ ጮኸችብኝ።

አወረድኩት። እሷም ከጨርቁ ቀሚስ ሰፋች። አሁን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እሱን ለብሳ ማዶ ትሻገራለች፤ ሾፌሩም ሁለተኛ ወንበር አውጥቷል። ከእኔ መስኮት ሲታይ ያ ግራጫ ሕንፃ እንዴት እንዳማረበት ብታዩ! ችግሩ ሾፌር ሾፌር ነው፤ ፊት ፊቱን እንጂ አጠገቡ ማን እንደተቀመጠ አያይም።

ስለዚህ እናንተ በዚህ መንገድ የምታልፉ፣ ጡባችንን አይታችሁ ስትጠግቡ እባካችሁ ወደ ግራጫው ዞር በሉልኝ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አረንጓዴ የለበሰችውን ሴት «አማረብሽ!» በሏት። ጮክ ብላችሁ ይሁን፤ እሱም ዞር ብሎ እንዲያያት።